ያፈረሰ እጅ ሲጠብቅ

በሞስኮ ከተማ፣ ከክሬምሊን ቅጥር ሳይርቅ፣ ቮዝድቪዤንካ በተባለው ጎዳና አንድ ታላቅ የመኳንንት ቤት ይገኛል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ የታነጸው ይህ የታሊዚኖች ቤት የጥንት ግሪክንና ሮማን የግንባታ ሥርዓት የተከተለ ነው። በኋላ የመንግሥት ገንዘብ መሥሪያ ቤት፣ ከአብዮቱም ወዲህ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ አርክቴክት አሌክሴይ ሽቹሴቭ የመሠረተው የሥነ ሕንፃ ሙዚየም ገባበት። ለጥቂቶች ግብዣ የተሠራ አዳራሽ ለብዙኃን ትምህርት መዋሉ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ የሙዚየሙ ታሪክ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በ1964 ከዚህ ሙዚየም ጋር የተዋሐደ ሌላ የሥነ ሕንፃ ሙዚየም ነበር፤ እርሱም በ1934 ተቋቁሞ በዶንስኮይ ገዳም ይገኝ የነበረው ነው። ያው 1934 በ1690ዎቹ የተሠራው የሱኻሬቭ ግንብ የፈረሰበት ዓመት ነው። ባለሙያዎች ተማጽነው ነበር፤ ነገር ግን ግንቡ መንገድ ያጠብባል ተባለ። ከግንቡ የተረፈ የመስኮት ክፈፍም በገዳሙ ተቀመጠ። አንዱ የመንግሥት እጅ ሲያፈርስ ሌላው ይሰበስብ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ መሰብሰቡ የማፍረሱን በደል ይሽራልን? የሚሽር የሚመስልበት ጊዜ አለ። በ1936 የፈረሰው የድል በር፣ ክፍሎቹ በዚያው ገዳም በመጠበቃቸው፣ በ1968 በሌላ ጎዳና ዳግም ቆሟል። የጠበቀ ሰው የመመለስን በር አልዘጋም። በ1931 የፈረሰው የመድኃኔ ዓለም ክርስቶስ ካቴድራልም ዳግም ተሠርቶ በ2000 ተመርቋል። ሆኖም የቀድሞዎቹ የድንጋይ ቅርጾች በገዳሙ ቅጥር ሲቀሩ፣ አዲሶቹ ከነሐስ ተሠሩ። አዲሱ አሮጌውን ይመስላል እንጂ አሮጌውን አይደለም።

ከዚህም የባሰ አደጋ አለ፤ ይኸውም ስብርባሪው ማረፊያ እንዳለው የሚያውቅ አፍራሽ ኅሊናው ሳይወቅሰው ዶማ ማንሣቱ ነው። ስለዚህ ጠባቂው ግዴታውን ቢወጣም፣ ዕዳው ካዘዘው ላይ አይወርድም። ሙዚየም ለአፍራሹ ጠበቃ ሳይሆን ለፈረሰው ምስክር ነው፤ የምስክርነቱም ቃል ሙሉ የሚሆነው ከድንጋዩ አጠገብ የፈረሰበትን ዓመትና ምክንያት ሲያስቀምጥ ነው።

በዚህ ረገድ ከሙዚየሙ ቅርሶች ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ራሱ የታሊዚኖች ቤት ነው። ባለቤቶቹ አለፉ፤ ሥርዓቱም ተለወጠ፤ ቤቱ ግን ሳይፈርስ አዲስ ተግባር ተገኘለት።