የተላከ ልጅና የኮበለለ ልጅ



ሰኔ ተጋምሶ ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ሲቃረቡ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ በሚኖሩ ወላጆች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጃቸው አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በትምህርት ቤቱ የኪነ ጥበብ ክበብ ክራር ይመታል፤ ወይም በወላጆች በዓል ቀን በተውኔት ታይቶ ተጨብጭቦለታል፤ ወይም ደግሞ እስክስታ ሲወርድ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። በአዲስ አበባም በሐምሌና በነሐሴ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና ትወና የሚያስተምሩ አጫጭር ሥልጠናዎች እንዳሉ ሰምቷል። መምህሩም «ይህ ልጅ ቢሞክር መልካም ነው» ብለውለታል። እንግዲህ ወላጅ ይላከው ወይስ ይከልክለው?

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላነሣነውም ነበር፤ ገንዘቡ ካለ ይሄዳል፣ ከሌለ ይቀራል፣ ነገሩም በዚያ ያልቃል። ነገር ግን ገንዘቡ ያላቸው ሲከለክሉ፣ የሌላቸውም ተበድረው ሲልኩ እናያለን። ስለዚህ ከገንዘቡ በስተ ጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ ማለት ነው፤ ይኸውም ወላጅ በልጁ ተሰጥኦ ላይ ምን ሥልጣን አለው፣ ለዚያ ተሰጥኦ ሲባልስ በቤት ውስጥ ማን ምን ሊከፍል ይገባዋል የሚለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው መቃወሚያ የክብር ነው። «ልጄ አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው» ይላል አባት። አዝማሪ የሚለው ስም ግን ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ መዝሙርና መዘምር ከሚሉት ቃላት ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። አንዱን በቤተ መቅደስ አክብረን ሌላውን በጠጅ ቤት ደጃፍ ያዋረድነው እኛው ነን። ይህ ንቀት የእኛ ብቻም አይደለም። በፈረንሳይ ሀገር ተዋናይ የነበረ ሰው ሙያውን ካልካደ በቀር የክርስቲያን ቀብር ይከለከል ነበር፤ ዝነኛው ጸሐፌ ተውኔት ሞሊዬር በ1673 እ.ኤ.አ. ሲሞት፣ ንጉሡ ጣልቃ ገብተው፣ በሌሊት እንዲቀበር ተፈቀደ። ሆኖም ከዚያ አራት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ፣ የሰው ልጅ ዕረፍትና መዝናናት እንደሚያስፈልገው ከገለጸ በኋላ፣ የተዋናይነት ሥራ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ጽፎ ነበር። በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የሆኑት ካሮል ቮይቲዋም በወጣትነታቸው፣ ፖላንድ በጀርመን በተያዘችበት ዘመን፣ በክራኮቭ ከተማ በስውር በሚሠራ ቴአትር ተዋናይ ነበሩ። ስለዚህ በዚህ መቃወሚያ ላይ ብዙ አንቆይም። እውነቱን ለመናገር ተቃዋሚው ራሱም አጥብቆ አያምንበትም፤ ለበኩር ልጁ ሠርግ ዘፋኝ ለማስመጣት ሲሯሯጥ አይተነዋልና።

ደግሞስ በሀገራችን ልጅን ለዜማ ሲሉ ወደ ሩቅ መላክ መቼ አዲስ ነገር ሆነና ነው? የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ከወላጆቹ ቤት የሚወጣው ገና በልጅነቱ ነበር። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር ይወርዳል ወይም ይወጣል። አቋቋም ማለት ደግሞ ድምፅን፣ መቋሚያን፣ ጸናጽልን፣ ከበሮንና የእግርን እርምጃ በአንድነት የሚያስማማ ጥበብ ነው፤ ዛሬ በከተማ ሙዚቃና ውዝዋዜ ተብሎ ለየብቻ የሚሰጠውን እዚያ በአንድ ላይ ይማሩት ነበር። በይፋት ሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ ደረሳው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሼኹ መንደር ይሄዳል፤ መንዙማውን የሚሰማው፣ የሚለማመደውም በዚያው ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም፣ ባቲና አምባሰል፣ ከእኛ በስተ ሰሜን ያሉ የወሎ አገሮች ስም ነው። እንግዲህ ዜማ ለዚህ አካባቢ ሰው ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን መላክ ከዛሬው ጋር ስናነጻጽር አንድ ልዩነት እናገኛለን። የቆሎ ተማሪው የኔታ ነበሩት። የኔታ ዜማውን ብቻ አያስተምሩም፤ ልጁ የት እንዳደረ፣ ከማን ጋር እንደዋለ፣ ታሞ እንደሆነ፣ ሰርቆ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ይቀጣሉ፣ ያስታምማሉ። ልጁ ለምኖ ይብላ እንጂ የሰው አልባ አልነበረም። የሚለምንበት መንደርም ማን እንደሆነ ያውቀዋል፤ ተማሪ ነው፣ የእገሌ ደቀ መዝሙር ነው።

የሚልክ ወላጅ ያልነበራቸው ወጣቶች ታሪክም አለን። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያዩዋቸውን አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አምጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ አደረጓቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለውም ይታወቃሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሱት ናቸው። እነዚያ ልጆች የመጡት ቤታቸው በእልቂት ስለጠፋ ነበር፤ «ካልሆነልህ ተመለስ» የሚላቸው አልነበረም።

ቤት እያለው እንደሌለው ሆኖ የሚሄደውስ? ጥላሁን ገሠሠ በወሊሶ በአያቱ እጅ ያደገ ልጅ ነበር። አያቱ ትምህርቱን እንዲከታተል እንጂ እንዲዘፍን አልወደዱም፤ ልጁም ሳያስፈቅድ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በሀገር ፍቅር ቴአትር ተቀጠረ። ቀጥሎም በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ስሙ ናኘ፤ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍም በብሔራዊ ክብር በሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ይህ ታሪክ በወጣቶች ዘንድ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ «ጥላሁንም ቢጠፋ ነው የሆነለት» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሆኖለታል። ነገር ግን ኮብልለው ከሄዱት መካከል ታሪካቸው የሚነገርላቸው የሆነላቸው ብቻ ናቸው። ያልሆነላቸው ታሪክ የላቸውም። ድምፁ ለመንደሩ ሠርግ በቂ ሆኖ ለከተማው መድረክ ግን ያነሰበት ልጅ ምን ያደርጋል? ተጣልቶ ወጥቷልና በባዶ እጁ መመለስ ያፍራል። በከተማው ይቀራል፤ የሚቀረውም ሙዚቃው ስላስቀረው ሳይሆን እፍረቱ ስለያዘው ነው።

እኛ ከዚህ የምንረዳው፣ ሁለት ወር ብቻ የሚቆይ ሥልጠና ትልቁ ጥቅሙ የሚያስተምረው ትምህርት እንዳልሆነ ነው። በስምንት ሳምንት ማንም ሙዚቀኛ አይሆንም፤ ነው የሚል ካለ ገንዘብ ፈላጊ ነው። ጥቅሙ ለልጁ በክብር የመውደቅን ዕድል መስጠቱ ነው። ልጁ ከእርሱ የሚበልጡ ብዙ ልጆችን ያያል፤ ጣቱ እስኪቆስል አንዱን ድምፅ መደጋገም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያም «ይህ የእኔ ነው» ወይም «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህን ማለት የሚችለው ግን ተመርቆ የተላከ ልጅ ብቻ ነው። የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ስንሰብክ ስለ ንስሐው ብዙ እንናገራለን፤ ያ ልጅ በተራበ ጊዜ የአባቱን ቤት ማሰብ መቻሉን ግን ቸል እንለዋለን። ማሰብ የማይችሉ ልጆች አሉና።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ወደ መላኩ ያደላ ይመስላል። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም።

በአንድ ወቅት ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ አንድ አባት ስለ ልጃቸው ሊያማክሩን መጥተው ነበር። ልጁ ማሲንቆ ይመታል። ከብዙ ማመንታት በኋላ ሊልኩት ቆርጠዋል፤ እኛም ውሳኔያቸውን አድንቀን «ታዲያ ጋሼ፣ የዘንድሮውን አረም ማን ያግዝዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «እኅቱ አለች፣ አባ» አሉን፤ ወዲያውም ወደ ሌላ ወሬ አለፉ።

በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ እኅቱ አለች። ክረምት ለተማሪ ዕረፍት ነው ቢባልም ለይፋት ገበሬ የሥራ ወቅት ነው። ማሽላው ይታረማል፤ የጤፉ መሬት ይለሰልሳል፣ ይዘራልም፤ ማሾውም የሚዘራው በዚሁ ወቅት ነው። አረም ቀጠሮ አይቀበልም። ሁለት እጅ ከቤት ሲጎድል ሥራው አይጎድልም፤ ወደ ሌላ እጅ ይተላለፋል እንጂ። ያ ሌላ እጅ ደግሞ ቀድሞውኑ ውኃ የሚቀዳው፣ እንጀራ የሚጋግረው፣ ታናናሾችን የሚያጥበው እጅ ነው። ልጅቱም ተማሪ ናት፤ ለመስከረም የምታነበው መጽሐፍ አላት፤ ምናልባት ከወንድሟ የሚበልጥ ድምፅ ይኖራት ይሆናል። ማን ጠየቃት?

ተሰጥኦ ለአንዱ ልጅ ይሰጣል፤ ዋጋው ግን የሚከፈለው ከቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ዝም ከምትለው። ይህ ማለት ልጁ አይሂድ ማለት አይደለም። ከመሄዱ በፊት ነገሩ በእርስዋ ፊት ይነገር፤ እሺታዋ ይጠየቅ፤ ልጁም የሚማረው በማን ላብ እንደሆነ በጆሮው ይስማ ማለታችን ነው። የሚመጣው ክረምትም የእርስዋ ተራ እንዲሆን ቃል ይገባላት። «ሴት ልጅን እንዴት እንልካለን?» ለሚለው ስጋት፣ ስጋቱ መሠረት የለውም አንልም፤ ነገር ግን ለሴት ልጅ የምንፈራው ሁሉ ለወንዱም ሊያስፈራን የሚገባ ነው። ሴቶች በመድረክ መታየታቸው ብርቅ በነበረበት ዘመን በተዋናይነትና በክራር ተጫዋችነት የታወቁትን አስናቀች ወርቁን ያፈራች ሀገር፣ ይህን ጥያቄ ዛሬ እንደ አዲስ መጠየቅ አልነበረባትም።

«መጀመሪያ ትምህርቱን ይጨርስ» የሚሉም አሉ። ይህ ምክር ጥሩ ነው፤ የሙዚቃውም በር ቢሆን በትምህርት በኩል ያልፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው፣ አሸናፊ ከበደ በመጀመሪያው ዳይሬክተርነት የመሩት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚቀበለው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈጸመና የተሰጥኦ ፈተና ከታለፈ በኋላ ነው፤ እዚያም ክራርና ማሲንቆ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ይሰጣሉ። ሆኖም «ከተማርክ ታልፍልሃለህ» የሚለውን ቃል እንደ ቀድሞው በድፍረት ለልጅ መስጠት አንችልም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆኑ። ከመቶ ልጆች ዘጠና ያህሉ የማያልፉበትን በር ብቻ እያሳየን ሌላውን በር ሁሉ ቅዠት ነው ማለታችን ልጁን ማታለል ነው። ጥበቡንም እርግጠኛ እንጀራ አድርጎ ማቅረብ እንዲሁ ማታለል ነው። ልጁን በስድስት ወር ዝነኛ ሆኖ፣ ውጭ አገር ተሻግሮ ቤት እንዲሠራለት የሚልክ ወላጅ ሥልጠና አልላከውም፤ ለአራጣ አበድሮታል።

አሁን የኔታ ወዳልነው ነገር እንመለስ። በእነዚያ ሁለት ወራት ለዚህ ልጅ የኔታ የሚሆነው ማን ነው? በ1991 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያ ብዙ ልጆችን አሠልጥኖ በውጭ መድረኮች አሳይቷል፤ በ1998 እ.ኤ.አ. ግን ለትርኢት አውስትራሊያ ከሄዱት ወጣቶች መካከል ጥገኝነት የጠየቁ ነበሩ፤ በኃላፊነት በያዟቸው ሰው ላይም የጥቃት ክስ አሰምተዋል። ጭብጨባ ሲደምቅ ከመጋረጃ በስተ ጀርባ ያለውን የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። በመንፈሳውያን ቤቶችም ውስጥ ይህን የመሰለ ግፍ መፈጸሙ በብዙ አገሮች ተረጋግጧልና «ታማኝ ሰው ነው» መባል ስለ ማንም ቢሆን፣ ስለ ካህንም ቢሆን፣ በቂ ዋስትና አይደለም። ልጁ የሚያድረው የት ነው? ከማን ጋር? ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ የሚጠራው ማን ነው? ብቻውን ሆኖ ወደ ቤቱ ስልክ መደወል ይችላል? እሑድ እሑድ የሚያየው ዘመድ አለ? የሥልጠናው ባለቤት በእነዚህ ጥያቄዎች ከተቆጣ ልጁን መልሶ ማምጣት ነው።

መንገዱም ራሱ አለ። ከሸዋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ ያለው 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ዳገቱን ወጥቶ፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ይደርሳል። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬን መቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት መድረሱን ያየ ወላጅ መንገድ ይዘጋል ብሎ ቢሰጋ ፈሪ አይባልም። ልጁ በሚነሣበት ሰሞን ስለ መንገዱ ከሾፌሮች ይጠይቅ፤ ጥርጣሬ ካለ ለሚመጣው ዓመት ያቆየው።

የሚልኩም ወላጆች ወፍራም ጋቢ ይስጡት፤ የቆላ ልጅ የአዲስ አበባን ሐምሌ አያውቀውም። በመናኸሪያ የሚቀበለው ሰው ስም በወረቀት ይጻፍለት። የሚመለስበት ቀን በእኅቱ ፊት ይነገር። የመመለሻውም የአውቶቡስ ገንዘብ «ስትጨርስ እንልክልሃለን» ተብሎ አይቅር፤ ከመሄዱ በፊት ተቈጥሮ ለራሱ ይሰጠው፤ በሁለተኛው ሳምንትም ቢሆን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ተሳፍሮ መምጣት እንዲችል።