ጸጥተኛው መንገድ፤ ከማጣት ወይስ ከመተው?

መንገድ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ የጋራ ሀብት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ይህ የጋራ ሀብት በይበልጥ ለማን ሊሠራ ይገባዋል? ለሚፈጥነው ወይስ ለሚያዘግመው? ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ እንደ ጥያቄው አጭር ሆኖ አይገኝም። እኛም ይህንኑ ጥያቄ ከአዊ ዞን ተራራዎችና ሐይቆች አጠገብ ሆነን ልንመረምረው እንሞክራለን።

በአውሮፓና በአሜሪካ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ውስጥ አንድ ልማድ ሲስፋፋ ይታያል። ይኸውም ብስክሌት ነጂዎች አስፋልቱን ለመኪና ለቀው፣ ሰፋ ያለ ጎማ ባለው ብስክሌት፣ መኪና የማይበዛበትን የጠጠር መንገድ እየመረጡ በየተራራው ግርጌና በየሐይቁ ዳር መጓዛቸው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፍላጎት ቀድሞውኑ ቦታ የሰጡ አገሮችም አሉ። በስፔን አገር ባቡር መመላለስ ያቆመባቸው አሮጌ መሥመሮች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድነት ተሰጥተዋል። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው ልማድ ዛሬ በየእሑዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጎዳና ለመኪና እንዲዘጋ አድርጓል። በአገራችንም በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች በእሑድ ጧት ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩና በብስክሌቱ ተመላልሶባቸዋል።

ይህ ሁሉ ለመዝናኛ ብቻ የተደረገ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ተጓዦች ናቸው። እንግዲህ የሚፈጥነውና የሚያዘግመው በአንድ ጎዳና ሲገናኙ፣ የፍጥነቱን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ፈጣኑ ሳይሆን አዝጋሚው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንዲህ ያለውን ጸጥተኛ መንገድ የሚሻ ሰው ወደ አዊ ቢመጣ የሚያየው አያጣም። በእንጅባራና በከሳ ከተማዎች መካከል የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ ላይ፣ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በከፈተው ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አውራ ጎዳና የሚርቀው 200 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጎዳናው ላይ የፋግታን ከሰልና የአካባቢውን ድንች የጫኑ መኪናዎች ያልፋሉ፤ ከጎዳናው ፈቀቅ ያለ ሰው ግን ወዲያው በዛፍ የተከበበ ጸጥታ ይቀበለዋል። ከዚያም ወደየመንደሩ የሚሄዱት የጠጠርና የአፈር መንገዶች እግረኛው፣ አህያው፣ ጋሪውና ፈረሱ የሚውሉባቸው ናቸው።

በተለይም ፈረስ በዚህ አገር ትልቅ ክብር አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር፣ አባቶች በዐድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከፈረሶቻቸው ጋር የፈጸሙትን ተጋድሎ ያስባል። ብስክሌትም ቢሆን ከፈረስ ጋር ዝምድና ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ድራይስ የተባሉት ጀርመናዊ የብስክሌት አያት የሆነችውን ባለ ሁለት መንኰራኵር እንጨት ሲሠሩ፣ አሳባቸው ሰው ያለ ፈረስ በራሱ ጉልበት ፈጥኖ እንዲጓዝ ነበር። ለአገራችንም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል፣ ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር።

ከእነዚህ ቀስታ ካላቸው መጓጓዣዎች የሚገኘው ጥቅም ምንድን ነው ቢባል፣ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ሰላምታ ነው። በእግሩ ወይም በፈረስ የሚሄድ ሰው ከመንገድ ያገኘውን ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም፤ ቢያልፍም ይታማል። ብስክሌት ነጂውም ቢሆን ፊቱ ስለሚታይና ድምፁ ስለሚሰማ ከዚህ ግዴታ አያመልጥም። በመኪና የሚያልፈው ግን ሰላምታ ቢነፍግ ማንም አይወቅሰውም፤ መስተዋቱና ፍጥነቱ ይቅርታ አስገኝተውለታልና። ስለዚህ ፍጥነት ጊዜያችንን ሲያተርፍልን፣ የባልንጀራችንን ፊት የማየት ግዴታችንን ደግሞ ሳናውቀው ይወስድብናል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህም ሊጠቀስ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የእንግዳ እውነት ነው። የባላገሩን እውነት ሳንሰማ ፍርድ ብንሰጥ ግን ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል።

ምጥ የጸናባት ሴት መኪና በማይደርስበት መንደር ስትገኝ፣ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመዋት ዳገቱን ሲወጡና ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ያ ጸጥተኛ መንገድ ለእርሷ ውበት አይደለም። ጸጥታው የአምቡላንስ አለመኖር ነው። ድንቹን ለገበያ ማድረስ አቅቶት ባለበት በርካሽ ለሚሸጠው ገበሬም ጸጥታው የገዢ አለመኖር ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የተነሣው ይህን ችግር በመመልከት ነበር። ለዚህ ሰው «መኪና የማይገባበት መንገድ ምንኛ ያማረ ነው!» ብሎ መስበክ፣ የተራበውን ሰው ስለ ጾም ጥቅም እንደ መምከር ይቈጠራል።

ከዚህ ላይ የነገሩ ፍሬ የሚገኝ ይመስለናል። ቋንቋችን እራት አጥቶ የተኛውን ሰው «ጦሙን አደረ» ይለዋል። በቃል ደረጃ የጾመውና የተራበው አንድ ሆነዋል፤ በሥራ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሁለቱም አልበሉም፤ ሆዳቸውም እኩል ባዶ ነው። ሆኖም አንደኛው እህል እያለው ስለ በለጠ ነገር ብሎ ተወ፤ ሁለተኛው ግን አጣ። ጾም ምግባር የሚባለው መተው ስለ ሆነ ነው። ማጣት ግን ምግባር አይደለም፤ ሊረዱት የሚገባ ችግር ነው።

መኪና የሌለበት መንገድም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። የቦጎታ ሕዝብ በእሑድ ጎዳናውን ለመኪና ሲዘጋ ጾመ እንጂ አልተራበም፤ ሰኞ ጎዳናው ይከፈታልና። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1925 የእንግሊዝ ቆንስል ሆነው ዳንግላ በተቀመጡበት ዘመን በበቅሎ እየተጓዙ የዓባይንና የጣናን አካባቢ መርምረው፣ በ1936 መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ለእርሳቸው የበቅሎው መንገድ የምርምር ጉዞ ነበር፤ ጉዞው ሲያበቃ ወደ አገራቸው ይመለሳሉና። በዚያው መንገድ ዳር ይኖር ለነበረው ገበሬ ግን የዕድሜ ልክ ኑሮ ነበር። መንገዱ አንድ ነው፤ ምርጫው ግን ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ተነፍጓል።

ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ጸጥታም አለ፤ እርሱም ከፍርሃት የሚመጣው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶች ተዘግተው፣ ተጓዥ ከቤቱ፣ ጭነትም ከመጋዘኑ ሳይወጣ የዋለበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ቀን በአስፋልቱ ላይ ሞተር አይሰማም፤ ዳሩ ግን ይህን ጸጥታ ሰላም ብሎ የሚጠራው የለም። እንግዲህ መንገድ ጸጥ ማለቱ ብቻ ስለ መንገዱ ደግነት ምንም አይመሰክርም። ጸጥታውን ያመጣው ማን ነው፤ በፈቃዱ ነው ወይስ በግድ? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ የሚከተሉት ግዴታዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ አምቡላንስና ጭነት መኪና የሚያደርሰው መንገድ መቅደም አለበት። የሌለውን ነገር ተው ማለት አይቻልምና፣ ባላገሩ መንገድ ሳያገኝ ስለ ጸጥታ ልንነግረው አይገባም።

ሁለተኛው፣ መንገዱ ከተገኘ በኋላ ሁሉንም ለሞተር አሳልፎ አለመስጠት ነው። ከአውራ ጎዳናው እስከ ዘንገና ያለው 200 ሜትር ለጤነኛ ሰው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ጎብኚው መኪናውን ከአስፋልቱ ዳር አቁሞ በእግሩ፣ በፈረስ ወይም በብስክሌት ቢወርድ የሚጐዳ ሰው የለም፤ አቅመ ደካማውም በጋሪ ሊደርስ ይችላል። ባላገሩ ፈረሱን ያከራያል፤ ሐይቁም ከጥሩምባና ከጢስ ያርፋል። ይህ እያላቸው የተዉት ስለ ሆነ በእውነት ጾም ሊባል ይችላል።

ሦስተኛው ግዴታ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ጾምን ሰው ለራሱ ያውጃል እንጂ ለጎረቤቱ አያውጅም። ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና የመጣ እንግዳ ወይም በከተማ ቢሮ የተቀመጠ ሹም «ይህ መንደር ጸጥታው እንዳይደፈርስ መንገድ አይውጣለት» ቢል፣ የራሱን ደስታ በሌላው ረኀብ መግዛቱ ነው። የትኛው መንገድ ለመኪና ይከፈት፣ የትኛውስ ለፈረስና ለብስክሌት ይቅር የሚለውን የሚወስኑት፣ ሌሊት ምጥ ሲመጣ ቃሬዛውን የሚሸከሙት ሰዎች መሆን ይገባቸዋል። የሹሙና የመምህሩ ድርሻ ዕውቀቱን ማቅረብ፣ የእንግዳው ድርሻ ደግሞ መኪናውን አስቀድሞ ራሱ ማቆም ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። መንገድም ቢሆን ያደርሳል እንጂ በእኛ ፈንታ ደግ ሥራ አይሠራም። አስፋልት ብቻውን ሥልጣኔን፣ ጠጠርም ብቻውን ትሕትናን አያመጣም። ለሚቸኩለው በሽተኛ መንገዱን የሚለቅ፣ ችኮላ የሌለበት ሲሆን ደግሞ ወርዶ በእግሩ ሄዶ ላገኘው ሰው ሰላምታ የሚሰጥ ሕዝብ በተገኘበት ሁሉ ግን፣ ፈጣኑም ዝግተኛውም በሰላም ያልፋሉ።