ተስፋ የደመወዝ ምትክ ይሆናል?

በአሜሪካ ቤዝቦል ከሜጀር ሊግ ሁለት እርከን ዝቅ ብሎ፣ ደብል-ኤ በሚባለው ደረጃ የሚጫወት ወጣት እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛ ክፍያው በሳምንት 350 ዶላር ነበር። ያውም ውድድር ባለበት ወቅት ብቻ። ከውድድሩ በፊት በሚደረገው የፀደይ ልምምድ ሲሮጥና ሲወረውር ቢውልም ደመወዝ አይታሰብለትም ነበር።

ማን አስገደደው? የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ውሉን ወዶና ፈቅዶ ፈርሟል፤ ከተሳካለት ደግሞ ሚሊዮኖች ይጠብቁታል።

የፈቃደኝነትን ክርክር እንደ ሮበርት ኖዚክ አጥርቶ ያቀረበ ፈላስፋ ጥቂት ነው። በ1974 በታተመው መጽሐፉ የቅርጫት ኳስ ኮከቡን ዊልት ቻምበርሌንን ምሳሌ አደረገ፦ ተመልካቾች በፈቃዳቸው ለእሱ ሃያ አምስት ሳንቲም ቢጨምሩና እሱ ቢበለጽግ ማን ተበደለ? ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ ውሉ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ተጫዋቹም ከፈለገው ቡድን ጋር ለመዋዋል ነጻ ነው። በማይነር ሊግ፣ ማለትም ከሜጀር ሊግ በታች ባሉት እርከኖች፣ የሚጫወተው ወጣት ይህ ነጻነት አልነበረውም። መፈረም የሚችለው እሱን ከመረጠው አንድ ክለብ ጋር ብቻ ነበር፤ ከፈረመም እስከ ሰባት የውድድር ዘመን ይታሰር ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1922 ቤዝቦልን ከፀረ-ሞኖፖል ሕግ ውጪ አድርጎታል።

የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች ባወጡት መልእክት ከዚህ አልፈው ሄደዋል። ሠራተኛው ቸግሮት ቢስማማ እንኳ፣ ለቁጥብ ኑሮ የማይበቃ ክፍያ ፍትሐዊ አይሆንም ብለዋል። ኦሪት ዘዳግምም የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ምክንያቱም ድኻው ነፍሱን የጣለው በዚያ ዋጋ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ተጫዋቹን ያስፈረመው ረሃብ ሳይሆን ሕልም ነው፤ ቢሻው ሌላ ሥራ ይይዛል። እውነት ነው። ሆኖም አብዛኞቹ ሜጀር ሊግን ሳይረግጡ ይቀራሉ፤ ክለቡም ይህን ያውቃል። ታዲያ ለምን ያቆያቸዋል? ተስፋ የተጣለበት ወርዋሪ ብቻውን መጫወት ስለማይችል ነው። ኳሱን የሚቀበለው፣ የሚመታው፣ ሜዳውን የሚሞላው ሰው ያስፈልጋል። ሕልሙ የተጫዋቹ ቢሆንም የድካሙን ጥቅም የሚያገኘው ክለቡ ነው፤ ሰውየው ሥራውን መውደዱ ደግሞ የከፋዩን ዕዳ አያቃልልም።

ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሰው የቀድሞ ወርዋሪና ጠበቃ ጋሬት ብሮሹይስ ነው። ክሱ በ2014 ተከፈተ። ኮንግረስ በ2018 በግዙፍ የበጀት ሕግ ውስጥ ሸጉጦ ባሳለፈው ድንጋጌ ክለቦቹን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ግዴታ ነጻ አደረጋቸው። በ2022 ግን ዳኛው ተጫዋቾቹ በልምምድ ጊዜም ሠራተኞች ናቸው ብለው ወሰኑ፤ ክሱም በ185 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። በዚያው ዓመት ተጫዋቾቹ በማኅበር ተደራጁ። በ2023 በተፈረመው የኅብረት ስምምነት የደብል-ኤ ዝቅተኛ ዓመታዊ ክፍያ ከ13,800 ወደ 30,250 ዶላር፣ የጀማሪዎቹ ደግሞ ከ4,800 ወደ 19,800 ከፍ አለ።

ስምምነቱ ግን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ማሠልጠኛዎች የሚጫወቱትን አላካተተም። ከእነሱ መካከል ገና በ16 ዓመታቸው የሚፈርሙ አሉ። የፈቃድ ክርክር በጣም የሚሳሳው ደግሞ በእነዚህ ልጆች ላይ ነው፤ ሕልሙም ችግሩም አንድ ላይ አሉባቸውና።