ኦርጋን በአምልኮአችን ውስጥ ምን ስፍራ አለው?



የምንነጋገርበት ክፍል 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 14፣ ከቁጥር 7 እስከ 15 ያለው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በዚያ ስለ ዋሽንትና ስለ ክራር አንሥቶ፣ ነፍስ የሌለው መሣሪያ ድምፁ ተለይቶ ካልተሰማ ሰሚው ምን እንደሚመታ ሊያውቅ አይችልም ይለናል። ዝቅ ብሎም መዝሙር በመንፈስ ብቻ ሳይሆን በአእምሮም ሊሆን እንደሚገባ ያስተምራል። ይህን ቃል መሠረት አድርገን በዚህ ዓመት በመካከላችን ክርክር ስላስነሣው ስለ ኦርጋን እንነጋገር።

በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን የሚባለው ብዙ ቱቦዎች ያሉት በአየር ግፊት የሚጮኸው ታላቅ መሣሪያ ነው። እኛ በሶዶና በዙሪያዋ ኦርጋን የምንለው ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ቁልፍ ሲጫኑት ምቱን ራሱ የሚመታውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። እኛ ወጣቶች ከነበረን የሚበልጥ ኦርጋን ለመግዛት ገንዘብ አሰባሰብን። አሳቡን ለሽማግሌዎች ባቀረብን ጊዜ ከአባቶች አንዱ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ስትዘምሩ እኛ የምንቀበለው የቱ ላይ ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛ ግን ጥያቄውን አልመለስንም። በተለይ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣነው፣ አባቶች ሥልጣኔን ጠሉ ብለን አማናቸው። አንዳንዶቻችንም ተቀይመን ከጸሎት ስብሰባ ቀረን። ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ ከመዘምራኑ መድረክ ላይ ሆነን ወደ ሕዝቡ ተመለከትን። እናቶች አፋቸውን ዘግተው ተቀምጠው ነበር፤ አባቶችም እንዲሁ። ዝማሬው የሞቀ የመሰለን የድምፅ ማጉያው ስለ ጮኸ ነበር። ይህን ስናይ አፈርን።

ወገኖቼ፣ በወላይታ የአባቶቻችን መዝሙር ምን እንደ ነበረ እናስብ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን። የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን ወደ ወላይታ የመጡት በ1928 ነው። በ1937 በኢጣልያ ወረራ ምክንያት አገሩን ለቅቀው ሲሄዱ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ግን አማኞቹ 10,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። በዚያ ዘመን እንደ ዋንዳሮ ያሉ ወንጌላውያን ታሰሩ፣ ተገረፉም። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ኦርጋንም አልነበረም። ነገር ግን አንዱ በወላይትኛ ቃሉን ያወጣል፣ ሕዝቡም ይቀበላል። አንዲት እናት የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ ባታነበውም በመቀበል ብዛት በልቧ ትይዘዋለች፤ ወደ ገበያ ስትሄድም ለጎረቤቷ ታዜምላታለች። በደርግ ዘመን ብዙ ጸሎት ቤቶች በተዘጉ ጊዜም አማኞች በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። በሮች ሲዘጉ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የቀረው በሰው አፍ ላይ የነበረው መዝሙር ነው። ጳውሎስና ሲላስም በፊልጵስዩስ ወህኒ ውስጥ በዝማሬ እግዚአብሔርን ያመሰገኑት ያለ መሣሪያ ነበር፤ እስረኞቹም ያዳምጡአቸው ነበር።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ሪፎርምድ የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናትም ብዙ ተከራክረውበታል። ዝዊንግሊ ራሱ ብዙ መሣሪያ መጫወት የሚያውቅ ሰው ሲሆን፣ እርሱ ባገለገለባት በዙሪክ ከተማ የታላቁ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በ1527 ፈረሰ። ካልቪንም በጄኔቭ ሕዝቡ መዝሙረ ዳዊትን ያለ መሣሪያ እንዲዘምር አደረገ። የሁለቱም ፍላጎት ምእመኑ የሚሰማውን ቃል እንዲያስተውል ነበር። በሆላንድ ደግሞ ኦርጋኑ ከአምልኮ በፊትና በኋላ እየተመታ፣ ሕዝቡ ሲዘምር ግን ዝም ይል ነበር። በኋላ የሕዝቡ ዝማሬ የተዘበራረቀ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ኮንስታንታይን ሃይገንስ የተባለ ሰው በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ ኦርጋን ዝማሬውን እንዲመራ ተሟገተ። እንግዲህ አንዱ ኦርጋን ይውጣ፣ ሌላው ይምታ ሲል የሁለቱም ጭንቀት የሕዝቡ መዝሙር ነበር። የእኛ ክርክር ግን ስለ መሣሪያው ትልቅነትና ስለ ዋጋው ሆኖ ቆየ።

መሣሪያ ኃጢአት ነው አንልም። መዝሙር 150 በገናንም ከበሮንም ለምስጋና ይጠራል፤ ኤልሳዕም በገና ደርዳሪ አምጡልኝ ብሎ ነበር። ችግሩ በአጠቃቀማችን ላይ ነው። የወላይታ አውጪ መንፈሱ ሲነካ ቃሉን ያስረዝማል፣ አንድ ስንኝ ይጨምራል፣ ሕዝቡም ይጠብቀዋል። ኦርጋኑ ውስጥ የተሞላው ምት ግን ሰው አይጠብቅም፤ አውጪውን ይቀድመዋል፣ ተቀባዩንም ግራ ያጋባዋል። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቃሉ ይጠፋል። ጳውሎስ ያስጠነቀቀን ይህን አይደለምን?

ስለዚህ ይህን እናድርግ። አንደኛ፣ ሕዝቡ አብሮ በሚዘምርበት ጊዜ የኦርጋኑ ምት ይጥፋ፤ መቺውም አውጪውን ይከተል። ሁለተኛ፣ መቺው በተቀመጠበት ሆኖ የሕዝቡን ድምፅ ይስማ፤ ካልሰማ ድምፁን ይቀንስ። ሦስተኛ፣ በየእሑዱ ቢያንስ አንድ የወላይትኛ መዝሙር ያለ መሣሪያ ይዘመር። አራተኛ፣ መቺው እንደ ሌላው አገልጋይ ሁሉ በቃሉና በጸሎት ይትጋ፤ ጣቱ ቢሠለጥን ልቡ ግን ቢርቅ ምን ይጠቅማል? አሞጽ 5፥23ን አንብበን እንፍራ።

የሰበሰብነው ገንዘብ አሁንም በገንዘብ ያዡ እጅ ነው። ከመግዛታችን በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብን። ወደ እኚያ አባት ቤት ሄደን ስላማናቸው ይቅርታ እንጠይቃቸው፤ በወጣትነታቸው ሲቀበሉት የነበረውንም መዝሙር ያስተምሩን። ያን ጊዜ እርሳቸው ያወጣሉ፣ እኛም እንቀበላለን። ኦርጋኑም ቢገዛ ስፍራውን ያውቃል።

ጌታ መሣሪያችንንም አፋችንንም ለክብሩ ይቀድስልን። አሜን።