ማኅደርና ግዞት፦ የዘንባባ ችግኝ በግሸን አምባ ሥር

አንድን ሕያው ነገር ለጊዜው በዕቃ ውስጥ ማኖር፣ ለምሳሌ የዘንባባን ችግኝ በሸክላ ወይም በላስቲክ ማሳደግ፣ ከላይ ሲታይ የእጅ ሥራ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዕቃው ምን ያህል ጥልቅ ሊሆን እንደሚገባ፣ አፈሩ ከምን ከምን ሊደባለቅ እንደሚገባና ችግኙ መቼ ወደ ሌላ ዕቃ ሊዛወር እንደሚገባ የሚወስን ሰው፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ጠባቂ ለሚጠብቀው ነገር ምን ዕዳ አለበት ለሚለው የቆየ ጥያቄ መልስ እየሰጠ ነው። ይህ ጥያቄ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ምድር፣ ከግሸን ደብረ ከርቤ በታች ሲነሣ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል፤ የግሸን ታሪክ ራሱ የመያዝና የመያዣ ታሪክ ነውና። አምባው በአንድ ወገን የክርስቶስን መስቀል ክፋይ፣ ግማደ መስቀሉን፣ የተቀበለ ማኅደር፣ በሌላ ወገን የነገሥታት ልጆች ለብዙ ትውልድ የተዘጉበት ግዞት ነበረ።

ዘንባባ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያለው ቦታ የታወቀ ነው። በሆሳዕና፣ ማለትም ከትንሣኤ በፊት ባለው እሑድ፣ ጌታ በአህያ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም መግባቱ ሲታሰብ ምእመናን ተባርኮ የታደላቸውን ቅጠል በግንባራቸው ያስራሉ፣ ቀለበት አድርገው በጣታቸው ያጠልቃሉ፣ መስቀል ሠርተው በቤታቸው ያኖራሉ፤ መዝሙረኛው ዳዊትም ጻድቁን የመሰለው በዚሁ ዛፍ ነው። በኢትዮጵያ በዱር የሚበቅለው ዘንባባ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ የሚባለው የቴምር ዘመድ፣ የቆላና የወይና ደጋ ወንዝ ዳር ዛፍ በመሆኑ ብርድ የሚበረታበት ከፍተኛ ደጋ አይስማማውም፤ ስለዚህ በደጋ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ለበዓሉ የሚያስፈልጋቸውን ቅጠል ከታች ካለው አገር ያስመጣሉ። ለሽመናም ሆነ ለበዓሉ የሚመረጠው ገና ያልተፈታው ለጋ ቅጠል ነው። የዘንባባ ግንድ ግን እንደ ወይራ ከየቦታው የሚያቆጠቁጥ ሳይሆን በአናቱ ላይ ባለች አንዲት የእድገት ነጥብ ብቻ የሚያድግ በመሆኑ፣ ለጋ ቅጠሉን ያለ ልክ መቁረጥ ግንዱን ያደክመዋል፣ ነጥቢቱ ራሷ ከተነካች ደግሞ ያ ግንድ ይሞታል። በየዓመቱ የሚቆርጥና የማይተክል ማኅበረ ምእመናን የበዓሉን ምልክት በበዓሉ ስም እያጠፋ መሆኑን መካድ አይቻልም። እንግዲህ በግሸን ሥር ባለው ወይና ደጋ፣ ለምሳሌ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሐይቅ አካባቢ፣ የዘንባባ ችግኝ ማፍላት ከአምልኮው ውጭ የሆነ ተጨማሪ ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ዘሩ ሲበቅል በቅርብ የተመለከተ ሰው ስለ ዕቃው ቅርጽ ሌላ አስተማሪ አያሻውም። ከፍሬው ሥጋ ተላቆ ለጥቂት ቀናት በውኃ የራሰ ዘር በሞቀና እርጥበት ባለው አሸዋ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በኋላ ከጎኑ ነጭ ዘንግ ያወጣል። ይህ ዘንግ ሥር አይደለም፣ ግንድም አይደለም፤ የዘሩ ቅጠል ተስቦ ረዝሞ ፅንሱን በጫፉ ይዞ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከወረደ በኋላ ጫፉ ያብጥና ከዚያ ሥሩ ወደ ታች፣ የመጀመሪያው ቅጠል ወደ ላይ ይወጣል፤ ያ ቅጠልም ያልተከፋፈለ፣ ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ የማያውቅ ሰው አረም መስሎት ሊነቅለው ይችላል። ዘሩ ራሱ በዚህ ጊዜ ከቡቃያው ርቆ ከጎን ይቀራል፤ ይሁን እንጂ ስንቁ የሚሄደው በዚያው ዘንግ ስለሆነ ቸኩሎ ከዘሩ የቆረጠው ሰው ችግኙን በረሃብ ይቀጣዋል። የዚህ ዛፍ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ወደ ብርሃን ሳይሆን ወደ ጥልቅ ስለሆነ፣ ለእርሱ የሚመረጠው ዕቃ ከስፋቱ ይልቅ ጥልቀቱ የሚያመዝን፣ ከታቹም በሚገባ የተበሳ መሆን አለበት።

ጥልቀቱ ሌላም ምክንያት አለው። በማንኛውም ዕቃ ውስጥ ውኃ ከፈሰሰ በኋላ ከታች በኩል የተወሰነ ንብርብር ረጥቦ ይቀራል፤ የዚህ ንብርብር ውፍረት የሚወሰነው በአፈሩ ዓይነት እንጂ በዕቃው ቁመት ስላልሆነ፣ በአጭር ዕቃ ውስጥ የሥሩ ግማሽ በረግረግ ሲቀመጥ በረጅሙ ውስጥ ግን አብዛኛው ሥር አየር ያገኛል። ብዙ ሰዎች ውኃው እንዲያልፍ ብለው ከታች ጠጠር ያነጥፋሉ፤ ነገር ግን ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ረግረጉን ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ያቀርቡታል እንጂ አያስወግዱትም። ስለ ዕቃው ምንነት፣ ሸክላ በግድግዳው የሚተነፍስ በመሆኑ ውኃ ለሚያበዛ ሰው ይስማማል፤ ነፋስና ፀሐይ በሚበረታበት ግን ቶሎ ይደርቃል። በችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው ጥቁር ላስቲክ ርካሽና ቀላል ነው፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ጉዳቱ በኋላ የሚነገር ነው።

ከዕቃው ይልቅ ሃይማኖታዊው ጥያቄ በግልጽ የሚነሣው በአፈሩ ላይ ነው። ምእመናን ከገዳማትና ከአድባራት ጸበል እንደሚወስዱ ሁሉ እምነት፣ ማለትም በበረከትነት የሚቀቡትን አፈር ወይም አመድ፣ ይዘው መመለሳቸው የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ባለው አገር ከቅዱስ ስፍራ የመጣ አፈር ለቅዱሱ በዓል ዛፍ ከማናቸውም ድብልቅ ይበልጣል ብሎ ማሰብ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ነው። ሆኖም አፈሩ ጭቃ ሆኖ የሚጣበቅ ጥቁር መረሬ ከሆነ የዘንባባው ሥር ታፍኖ ይበሰብሳል፣ የትም ይቆፈር የት። ይህ የቅድስናን ኃይል መካድ አይደለም። እምነት የሚቀባው ሰው ከእግዚአብሔር ምሕረት ይለምናል፤ ዛፍ የሚተክል ሰው ግን እግዚአብሔር ለዛፉ አስቀድሞ በሰጠው ባሕርይ መሠረት እንዲሠራ ተጠርቷል፤ ሁለቱን መደባለቅ ለምኖ የተሰጡትን እጆች አጣጥፎ እንደመቀመጥ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በሦስተኛው ምዕራፍ ማሳደጉን ለእግዚአብሔር ብቻ ሲሰጥ፣ ተካዩንና አጠጪውን ከሥራቸው አላሰናበታቸውም፤ እያንዳንዳቸውም እንደ ድካማቸው ዋጋ እንደሚቀበሉ በዚያው አስተምሯል።

የቤተ ክርስቲያኒቱ የሥነ ፍጥረት ትምህርት ደግሞ ለአፈር ቅመማ ያልታሰበ፣ ግን እጅግ የሚስማማ መመሪያ ይሰጣል። በዚህ ትምህርት የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተፈጠረ ሲሆን፣ ጤናው እርስ በርስ የሚቃረኑት እነዚህ አራቱ ተስማምተው በመኖራቸው ይጸናል። የችግኝ አፈር ነገርም ከዚህ አይርቅም። በችግኝ ጣቢያ የተለመደው ድብልቅ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው፤ ለዘንባባ ግን አሸዋውን ከፍ አድርጎ ፍጉን መቀነስ ይመረጣል። አፈሩ ሥሩን ያቆመዋል፣ ምግብም ይይዝለታል፤ ብስባሹ ውኃን እንደ ስንቅ ያቆይለታል፤ አሸዋው ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት ትቶ ለነፋስ መንገድ ይከፍታል። እሳቱ፣ ማለትም ሙቀቱ፣ በመጠን ሲሆን ዘሩን ያነቃዋል፤ ያልተብላላ ትኩስ ፍግ ግን ከውስጥ እየጋለ ለጋውን ሥር ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ፍጉ ለወራት ተከምሮ፣ ሽታውና ሙቀቱ ጠፍቶ፣ በእጅ ሲፈተግ እንደ አፈር የሚፈረፍር እስኪሆን መጠበቅ ግድ ነው። የድብልቁ ፈተናም በመዳፍ የሚደረግ ነው፦ ረጠብ ያለው አፈር ተጨብጦ እጅ ሲከፈት ድቡልቡል ሆኖ ቢቆምና በጣት ሲነካ ቢፈርስ መልካም ነው፤ ሲነካ የማይፈርስ ከሆነ አሸዋ ይጎድለዋል፤ ገና እጅ ሲከፈት የሚበተን ከሆነ ደግሞ ብስባሽ ይጎድለዋል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ለችግኝ የሚሆን ለም አፈር ሲፈለግ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በቤተ ክርስቲያን ደን ሥር ባለው ጥቁር፣ ቅጠል በበሰበሰበት አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር የተጠራቀመው ለብዙ ትውልድ ዛፍ ሳይቆረጥ በመጠበቁ ነው፤ እርሱን በጆንያ እየዛቁ ላስቲክ መሙላት አዲስ ዛፍ ለመትከል ሲባል የቆመውን ዛፍ ሥር ማራቆት ይሆናል። ከገለባ፣ ከቅጠልና ከከብት ፍግ ብስባሽ ማዘጋጀት ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም ከዚህ በደል ነጻ ነው።

የግሸን ትውፊት ለዚህ ሁሉ ሐሳብ መሠረት የሚሆነው መያዣው ለሚያዘው የተገባ መሆን አለበት ብሎ በግልጽ ስለሚያስተምር ነው። እንደሚተረከው፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግማደ መስቀል በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.) ዘመን ብዙ አገር ዞሮ፣ በመጨረሻ የመስቀል ቅርጽ ባለው በዚህ አምባ በተደራራቢ ሣጥኖች ተደርጎ በጥልቅ ተቀበረ፤ መስከረም 21 ቀን የሚከበረው ታላቁ ክብረ በዓልም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊቱ ውስጥ የሚደንቀው ንጉሡ የተመሸገ ስለሆነ ብቻ የትኛውንም ቦታ አለመቀበላቸው፣ ከሚቀመጠው ነገር ጋር ቅርጹ የሚስማማ ስፍራ እስኪገኝ መድከማቸው ነው።

ያው አምባ ግን ሌላውን ገጽታም ያሳያል። ሥልጣን ሲተላለፍ የሚነሣውን ደም መፋሰስ ለማስቀረት የነገሥታቱ ወንድሞችና ልጆች በግሸን ተዘግተው ይኖሩ ነበር፤ በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለዚህ ተራራና ስለ ጥበቃው ጽፏል። ሥርዓቱ በ1540 እ.ኤ.አ. አምባው በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት እጅ እስኪወድቅ ቆይቷል። የጥበቃው ዓላማ ከንቱ አልነበረም፤ አገርንም መሳፍንቱንም ከጦርነት ማዳን ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂቶች ለዙፋን ሲጠሩ ብዙዎቹ ተወልደው፣ አድገው፣ አርጅተው እዚያው ቀሩ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ከመንገሣቸው በፊት በዚሁ አምባ ተይዘው ነበር። በገደል ተከቦ መኖር ምን እንደሆነ በራሳቸው ያወቁ ሰው፣ ያንኑ ገደል ለመስቀሉ ማረፊያ አድርገው መምረጣቸው ብዙ ያሳስባል፤ አንዱ ስፍራ ለአንዱ ማኅደር፣ ለሌላው ወኅኒ ሊሆን እንደሚችል ከእርሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም።

በችግኙ ላይ ይህ ልዩነት የሚታየው በጊዜ ነው። ለትንሽ ቡቃያ ገና ከመጀመሪያው ትልቅ ዕቃ መስጠት ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውኃውን የሚጠጣለት አጥቶ ይሻግታል። ስለዚህ ዕቃው ከሥሩ ዙሪያ በጥቂት ጣቶች ብቻ የሚሰፋ መሆን አለበት። ሥሩ ከታች ባለው ቀዳዳ ብቅ ሲል ወይም አፈሩ ከዕቃው ሳይበተን አንድ ላይ ሲወጣ የመዛወሪያው ጊዜ ደርሷል፤ ዘንባባ ሥሩ ሲረበሽ ስለሚጎዳ ሥሩን ማራገፍና መቁረጥ አያስፈልግም፣ ሞቃት ወቅት መምረጥና የችግኙን አንገት ቀድሞ ከነበረበት ይልቅ ጠልቆ እንዳይቀበር መጠንቀቅ ይበቃል። ጊዜው ካለፈ ሥሩ በግድግዳው ዙሪያ እየተጠማዘዘ ራሱን ያንቃል። የላስቲኩም ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ በክረምት በጥድፊያ ሲተከል ላስቲኩ ሳይቀደድ ከነችግኙ ጉድጓድ የሚገባበት ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ ችግኙ በሰፊ ምድር መካከል ሆኖም እስረኛ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን መልስ ይሻል፦ ከግሸን ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳት ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ቅጥር ይኖራሉ፤ መዘጋት ሁሉ ክፉ ከሆነ የእነርሱ ሕይወት ምን ሊባል ነው? አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 እ.ኤ.አ. ወደ ሐይቅ ከመጡ በኋላ ዕረፍታቸው እስከሆነበት እስከ 1292 በዚያው ጸኑ። በእርሳቸው ሥር የተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን ከዓመታት በኋላ ወጥተው በመጨረሻ በሸዋ ደብረ አስቦን፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን፣ መሠረቱ። መምህሩ መቆየታቸው ደቀ መዝሙሩን ለማስቀረት ምክንያት አልሆነም። መነኩሴ በቅጥሩ የሚኖረው ስእለት ገብቶ፣ በፈቃዱ ነው፤ ለአምባው መሳፍንት ይህ አልተሰጣቸውም፣ ችግኝም ፈቃዱን ሊናገር አይችልም። ፈቃዱን ሊናገር የማይችለውን በዕቃ ያኖረ ሰው ስለ እርሱ ፈቃድ የመጠየቅ ኃላፊነት ስለሚወድቅበት፣ የዘንባባ ችግኝ የሚያሳድግ ደብር ወይም ገዳም ከየላስቲኩ ሥር ያለውን ቀዳዳ በየጊዜው የሚመለከት፣ ሥር መውጣቱን ሲያይም ለክብረ በዓል ወይም ለእንግዳ ሳያቆይ የሚያዛውር አንድ ሰው ለዚሁ ሥራ ብሎ ሊመድብ ይገባዋል።