መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ግዙ

ልጆቼ፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጎልፍ ካርት ለገዛችሁም፣ ለመግዛት ለምታስቡም የምነግራችሁ አለኝ። ከአትላንታ በስተደቡብ ባለችው በፒችትሪ ሲቲ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የጎልፍ ካርት መንገድ ተዘርግቷል፤ ነዋሪው ገበያም ትምህርት ቤትም በካርት ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ርካሽ ካርት ማግኘት ደስ ይላል። ደስታው የሚደፈርሰው ካርቱ ቻርጅ አልይዝ ያለ ቀን ነው። ያን ጊዜ ሳትመረምሩ አዲስ ባትሪ ልትገዙ ትሮጣላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የላባችሁን ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት ለኩ።

ከሁሉ በፊት ራሳችሁን ጠብቁ። የእርሳስ ባትሪ ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጂን ደግሞ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። አየር በሚገባበት ቦታ ሥሩ፤ ሲጋራ አይቅረብ። መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ቁልፉን አጥፉ፣ ካርቱ የመጎተቻ (Tow) ማብሪያ ካለውም ወደ መጎተቻው አዙሩት። የመፍቻችሁን እጀታ በፕላስተር ጠቅልሉ፤ ሁለት ፖሎችን በአንዴ የነካ ብረት እጅ ያቃጥላል።

ቀጥሎ ያላችሁን እወቁ። ወንበሩን አንሱና የአንዱን ባትሪ የውሃ ክዳኖች ቁጠሩ። እያንዳንዱ ሴል 2 ቮልት ነው፤ ሦስት ክዳን ያለው 6 ቮልት፣ አራት ያለው 8፣ ስድስት ያለው 12 ነው። ስድስት ባለ 6 ቮልት 36 ይሆናሉ፤ ስድስት ባለ 8 ወይም አራት ባለ 12 ደግሞ 48።

ከዚያ የቮልት መለኪያ (ቴስተር) ያዙ። ባትሪዎቹ ቻርጅ ጨርሰው ለጥቂት ሰዓት ካረፉ በኋላ የ48 ቮልቱ ድምር ወደ 50.9፣ የ36ቱ ወደ 38.2 ሊያሳይ ይገባል። የ48ቱ 48.4 ካሳየ ኃይሉ ግማሽ ላይ ነው። በድምሩ ብቻ አትርኩ፤ አንድ በአንድ ለኩ። ሙሉ የሆነ ባለ 8 ቮልት 8.49፣ ባለ 6 ቮልት 6.37 ያሳያል። ከጓደኞቹ በግልጽ ዝቅ ያለው ተጠርጣሪው ነው። ሆኖም ያረፈ ባትሪ ደህና መስሎ ሸክም ሲመጣበት ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ በሎድ ቴስተር አስፈትሹት። የአሲዱን እፍጋት የሚለካ ሃይድሮሜትር ካገኛችሁ ሴሎቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። ሙሉ ሴል ወደ 1.277 ያሳያል፤ ቻርጅ ካለቀ በኋላ በአንድ ባትሪ ሴሎች መካከል ከ0.050 በላይ ልዩነት ካለ ያ ባትሪ ተጎድቷል።

ቻርጀሩ አልነሳ ካለ «ሞቷል» ብላችሁ አትጣሉት። የግድግዳውን ሶኬት በሌላ ዕቃ ሞክሩ፤ ገመዱን፣ መሰኪያውንና ፊውዙን እዩ። ብዙ አውቶማቲክ ቻርጀሮች የባትሪዎቹ ቮልት እጅግ ከወረደ ሥራ አይጀምሩም፤ የሚነሱት በቂ ቮልት ሲያገኙ ነው። እንዲህ ከሆነ ገመዶቹን ፈትታችሁ፣ እያንዳንዱን ባትሪ ለቮልቱ በሚስማማ ትንሽ ቻርጀር አጠገቡ ሆናችሁ ቻርጅ አድርጉ፤ ከዚያ ገመዶቹን እንደነበሩ ስትመልሱ ዋናው ቻርጀር ይቀበለዋል። ከ1995 ጀምሮ ለዓመታት በተሠሩት ባለ 48 ቮልት የክለብ ካር (Club Car) ካርቶች ላይ ደግሞ ቻርጀሩን የሚያዘው በካርቱ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ነው፤ ጥፋቱ ከዚያም ሊሆን ይችላል።

የላላ ወይም የዛገ ፖልም ደህናውን ባትሪ የታመመ ያስመስላል። ከነዳችሁ በኋላ አንዱ ገመድ ከሌሎቹ ይበልጥ ከሞቀ መጋጠሚያውን መርምሩ። ዝገቱን የውሃ ክዳኖቹ እንደተዘጉ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ እጠቡ።

ውሃ ሲጎድል የምትጨምሩት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድ በፍጹም። የሚጨመረውም ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው። የውስጡ ሳህኖች ተራቁተው ካገኛችኋቸው ግን ከቻርጅ በፊት እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ አፍስሱ። አዲስ ባትሪ ካረጁት ጋር አታቀላቅሉ፤ አሮጌዎቹ አዲሱንም ቶሎ ያደክሙታል። ወደ ሊቲየም ከቀየራችሁም የእርሳስ ባትሪውን ቻርጀር አትጠቀሙ፤ ለሊቲየሙ የተሠራውን ግዙ።

የባትሪ ዕድሜ የሚያጥረው ባዶውን ሲያድር ነውና፣ ከነዳችሁ በኋላ ሁልጊዜ ቻርጅ አድርጉ። የለካችሁትንም ከነቀኑ በደብተር ጻፉ፤ መካኒክ ዘንድ ስትሄዱ በግምት ገንዘብ የሚጠይቃችሁ አይኖርም። ነገ ካርቱን የምትሸጡት ለሌላ ወጣት ነው። ደብተሩንም አብራችሁ ስጡት፤ ደካማው ባትሪ የትኛው እንደሆነም ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።