የት እንደ ዋለ ያልተጠየቀው ልጅ



ቅዱስ ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ እንደሚተርክልን፣ እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ የ12 ዓመቱ ኢየሱስ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጓዙ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ አገኙት። በሐሙሲትና በፎገራ ሜዳ ያለ ወላጅም ልጁ ከጓደኞቹ ጋር በክፍል ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ከዚያ የለም።

ነገሩን በስንፍና ብቻ ብንደመድመው ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ትምህርት በመስከረም ሲከፈት የሩዙ አረም ገና አላለቀም። ኅዳር ሲገባ አጨዳው ይደርሳል፤ ከዚያም በርብና በጉማራ ውኃ የሚለማው ሽንኩርት የሰው ጉልበት ይሻል። ሩዝ ለአገሩ በረከት ነው፣ ይህን አንክድም፤ ነገር ግን አረሙ በእጅ የሚነቀል ስለ ሆነ የልጆችን ጣት አብዝቶ ይፈልጋል። በመስከረም ሁለት ሳምንት የቀረ ተማሪ ሒሳቡ ይከብደዋል፤ የከበደው ያፍራል፤ ያፈረም በማግሥቱ ይቀራል። ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት የተከራየው ደግሞ ስንቁ ሐሙስ ማታ ካለቀ፣ ዓርብን ተርቦ ከመማር ወደ ወላጆቹ መንገድ መጀመርን ይመርጣል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም፣ የሽማግሌ መላክ ወሬ ሲሰማ ደብተሯን የምታስቀምጥ ልጅ አለች። በዚህ ሁሉ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅን ትምህርቱን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 እ.ኤ.አ. ልጅን የማስተማር ቀዳሚው ኃላፊነት የወላጆች መሆኑን አስተምሯል። እኛ ካህናትስ? ከትምህርተ ክርስቶስ የቀረውን እንመዘግባለን እንጂ ከሰኞ እስከ ዓርብ የት እንደ ዋለ አንጠይቅም።

ባንድ የገበያ ቀን ኬሻ ተሸክሞ ያገኘነውን የ8ኛ ክፍል ተማሪ በሰው ፊት ገሠጽነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማን። ከትምህርት የቀረው የቤት ኪራይ ጎድሎበት መሆኑን የሰማነው ኋላ ከሌላ ሰው ነው። እመቤታችን ግን ልጇን ባገኘችው ጊዜ አስቀድማ ምክንያቱን ጠየቀችው፤ መልሱም ባይገባት በልቧ ጠበቀችው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ ከስም ጥሪው በኋላ እያንዳንዱን ልጅ ሳምንቱን የት እንደ ዋለ ለብቻው ጠይቁት። ስንቅ ወይም ኪራይ የቸገረውንም ለቁምስናው ንገሩን። ያን ኬሻ ተሸካሚ ልጅ እኛ ራሳችን እንፈልገዋለን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አላየነውም።